«ሰሃላ ጤነኛ ነው» ያልሁት እኔ ነኝ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... ሰቆጣ ያለው ቢሮዬ ገብቼ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አንዲት ሴት በሩን ገፍታ ገባች። ጫማዋ አቧራ በአቧራ ነው። በእጇ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች።

«ሰሃላ ጤነኛ ነው ያለው ማነው?» አለችኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

ሲስተር ጥሩዬ ናት። ሰሃላ ወረዳ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። በስልክ እንተዋወቃለን እንጂ ፊቷን አይቼው አላውቅም ነበር። መኪና እስክታገኝ ድረስ አንድ ቀን ሙሉ በእግሯ ተጉዛለች።

ወረቀቱን ዘረጋሁት። የእኛው ቢሮ ለወረዳዎች የላከው ሪፖርት ነው። «ሰሃላ፦ ጤነኛ። አስቸኳይ ክትትል አያስፈልገውም» ይላል። በዚህች መስመር የተነሳ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት ከሚላከው አልሚ ምግብ ሰሃላ ከዚህ ዙር ወጥቷል።

ያ ቃል የእኔ ነዋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሯችን ከየወረዳው የሚመጣን የጤና መረጃ የሚመረምር መሣሪያ አለው። ያልተሞላ ቦታ አለ ወይ? ሁለቴ የተጻፈ አለ ወይ? በሰዓቱ ደርሷል ወይ? ሦስቱን ካለፈ ፋይሉን «ጤነኛ» ይለዋል። ድሮ መሣሪያውን የምናስነሳው፣ ሪፖርቱንም የምንጽፈው እኛው ነበርን። ዘንድሮ ግን ኤአይ ኤጀንት መጣ... ራሱ ፋይል ከፍቶ፣ ራሱ መርምሮ፣ ራሱ ሪፖርት የሚጽፍ ፕሮግራም። መሣሪያውን እንዴት እንደሚጠቀምበት መመሪያ ጻፊለት የተባልሁት እኔ ነኝ።

ጻፍሁ። «ችግር ካልተገኘ ጤነኛ ነው ብለህ ሪፖርት አድርግ» አልሁ። ምኑ ጤነኛ እንደሆነ ግን አልጻፍሁም። ይሄ ለማን ይጠፋል ብዬ... ኤጀንቱ ደግሞ ያልነገርሁትን ከየት ያምጣው?

የሰሃላን ፋይል ከፈትሁት። ክንዳቸው ሲለካ መለኪያው ቀይ ላይ ያረፈባቸው፣ በረሃብ ክፉኛ የከሱ ሕፃናት... ከነስማቸው፣ ከነዕድሜያቸው፣ ከነቀበሌያቸው ተደርድረዋል። አንድ ባዶ ቦታ የለ። አንድ ድግግሞሽ የለ። ቀኑን ጠብቆ የገባ፣ ጥርት ያለ ፋይል።

ሲስተር ጥሩዬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«አጣርቼ በመጻፌ ነው እንዴ?» አለች። «አዝረክርኬው ቢሆን ትመጡ ነበር?»

አዎ ማለት ከበደኝ። ግን አዎ ነው። ፋይሉ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ እኔው ራሴ እደውልላት ነበር።

ይዣት ኃላፊዬ ዘንድ ገባሁ። ነገሩን ሁሉ ሰማ። መነጽሩን አውልቆ፣

«ሪፖርቱ አንዴ ወጥቷል» አለ። «ተሳስተናል ብንል ነገ ማን ያምነናል? በሚቀጥለው ዙር ይስተካከላል።»

«የሚቀጥለው ዙር መቼ ነው?» አልሁት።

«ከወር በኋላ።»

ሲስተር በኽምጣኛ የሆነ ነገር ተናገረች። እሱ ኽምጣኛ አይሰማም፣ እኔ እሰማለሁ። እዚህ አልጽፈውም።

«ማስተካከያውን ዛሬ እልከዋለሁ» አልሁ።

«ያለ እኔ ፊርማ?»

«በእኔ ስም። ስህተቱም የእኔ፣ ማስተካከያውም የእኔ።»

«ትጠየቂበታለሽ!»

«ልጠየቅ!»

ድምፄ እንዲያ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ። እንዲያውም በሩን ክፍት ትቼው ወጣሁ።

ሲስተርን አጠገቤ አስቀምጬ ጻፍሁ፦ «ሰሃላን ጤነኛ ያልነው በስህተት ነው። ጤነኛው ፋይሉ ነው፤ ሕፃናቱ ታመዋል።» ሪፖርቱ ለደረሳቸው ሁሉ ላክሁት።

ከዚያ መመሪያውን ከፈትሁ። «ጤነኛ የሚለው ቃል ስለ ፋይሉ ብቻ ነው፤ ስለ ሰው አትጠቀምበት» ብዬ ጨመርሁ። ሲስተር ግን አልበቃትም።

«ቀይ የሆነውን ልጅ ከሁሉ በፊት ይጻፍ በይው። ከዚያ ሰው ይጥራ። ብቻውን አይወስን።»

እሷ እየነገረችኝ ጻፍሁት። ኤጀንቱን በዚያው ፋይል ላይ እንደገና አስነሳነው... ልጆቹን አንድ በአንድ ከላይ አወጣቸው። ከሥር «ከመወሰኑ በፊት ሰው ይየው» ብሎ ቆመ።

ሲስተር ጥሩዬ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች «ይቺ ከመንታዎቹ ታላቋ ናት... ይሄ እንኳ ትንሽ ተሽሎታል...» ትል ጀመር። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ሐሙስ ዕለት አልሚ ምግቡ ተጫነ። መኪናው መንገዱ እስካለቀበት ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ በአህያ። ሲስተር ደውላ «ደርሶልናል» ከማለቷ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እሱ በቂዬ ነው።

አርብ ለእኔም ደረሰኝ... የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። «ትዕዛዝ በመጣስ» ይላል። ዘንድሮ የደረጃ ዕድገት የለሽም ተብያለሁ።

ፈርሜ ተቀበልሁ። ጥሳለች መባሉ እውነት ነው... ነገም እጥሳለሁ።