ዶክተሩ ያስወጧቸው ሦስት ነጥቦች

ኤልቃና ከወላይታ መጥቶ ቡራዩ ላይ ስድስት ዓመት በቀን ሥራ ሲሚንቶ ተሸክሟል። አሁን ማስተርስ ሲማር አማካሪው ዶክተር ኪዳነወልድ ይህን እንዲረሳ አልፈቀዱለትም። ሰበታ ባለው ቤተ ሙከራ ብልቃጥ በያዘ ቁጥር «ባልዲ አይደለም፣ ቀስ በል» ይሉታል፤ አብረውት የሚማሩትም ይስቃሉ። ሰውዬውን ከልቡ ይጠላቸው ነበር። በጸሎት መሀል እንኳ ስማቸው ሲመጣበት ዘሎ ያልፈዋል።

የማስተርስ ጥናቱ ስለ ሴል አጽም ነው። የሴሉን ቅርጽ በያዙት ክሮች ላይ አንድ ፕሮቲን ይጣበቅና እንደ ግንባታ እርብራብ ያገለግላል። መልእክት የሚቀባበሉ ኢንዛይሞችን ጎን ለጎን ያቆማል፣ አንዱ ለሌላው እንዲያቀብል። ኤልቃና ፕሮቲኑን በየብልቃጡ እየጨመረ የመልእክቱን ኃይል ለካ። መጀመሪያ ከፍ አለ። ፕሮቲኑ ሲበዛ ግን ወረደ። ደጋግሞ ሞከረው፣ ያው ነው።

ዶክተሩ ግራፉን ገፋ አደረጉት። «እርብራብ ሲበዛ ሥራ ይቀንሳል እንዴ? አበላሽተኸዋል። የመጨረሻዎቹን ሦስት ነጥቦች አውጣቸው።» ደብተሩ ላይም በእጃቸው ‹አውጣቸው› ብለው ጽፈው ፈረሙበት።

አማካሪ ካልፈረመ ምረቃ የለም። አወጣቸው። ቡራዩ አብረውት የሚኖሩት «ዝም አይነቅዝም» ብለው አጽናኑት። የእሱ ዝምታ ግን ሆዱ ውስጥ ነቀዘ።

ጽሑፉን ባቀረበ ዕለት፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ዶክተር ራህመት ግራፉን አይተው «ለምን እዚህ ላይ አቆምክ?» አሉት።

ዶክተር ኪዳነወልድ ከስልካቸው ቀና ሳይሉ በእሱ ፈንታ መለሱ። «ስንፍና ነው። ስንት ጊዜ መክሬዋለሁ።»

ኤልቃና የቤተ ሙከራ ደብተሩን አውጥቶ ፈታኟ ፊት ዘረጋው።

«አላቆምኩም። ነጥቦቹ እነዚህ ናቸው፣ ይወርዳሉ። አውጣ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። እኔም ፈርቼ አወጣኋቸው።»

«ለምን የሚወርዱ ይመስልሃል?»

«ቡራዩ አንድ ፎርማን ቸኩሎ አምስት እርብራብ አስተከለ። እኛ ግን ያው ሦስት ሰው ነበርን። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ወጣንና የሚቀባበል ጠፋ። ሲሚንቶው ባልዲ ውስጥ ደረቀ። ኢንዛይሞቹም በየእርብራቡ ተበትነው ሳይገናኙ ይቀራሉ።»

ዶክተር ራህመት የሚወርዱትን ነጥቦች አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሉ። «ልክ ነህ። የጥናትህ ዋና ነገር ይሄ ነበር። ቆርጠህ ስለጣልከው ግን ዛሬ አላሳልፍህም። ነጥቦቹን መልስና በሦስት ወር ውስጥ ተመለስ።»

ዶክተር ኪዳነወልድ ኮሪደሩ ላይ ደረሱበት።

«በሦስት ወርም በሦስት ዓመትም አልፈርምልህም።»

«አንዴ ፈርመዋል» አላቸው። «በእጅዎ ‹አውጣቸው› ብለው የጻፉበት ገጽ ላይ። ደብተሩን ለዶክተር ራህመት ትቼላቸዋለሁ።»

ሰላምታ ሳይሰጣቸው ወደ ቡራዩ ሚኒባስ ወረደ።