ሳንጣላ የታረቅን ቀን

ሐኪሙ የእናታችንን ነገር የነገረው ለወንድሜ ነው፣ ኮሪደር ላይ ቆመው። ካንሰር ጉበቷን ይዞታል፣ ቤቷ ውሰዷት አለው። ለእሷ ጨጓራ ነው አልናት። ጨጓራ ነው ብላ ተቀበለች።

ችግሩ እኛው ነበርን። ሦስታችንም ባንድ ቀን ጅማ ከገባን ጨጓራ አለመሆኑ ይገባታል። ስለዚህ ተራ አወጣን። ሊሙ ቡና የሚነግደው ወንድሜ ሰኞ፣ አጋሮ የማስተምረው እኔ ቅዳሜ፣ የአዲስ አበባዋ እህታችን በወር አንዴ፣ ያውም ሁለታችን በሌለንበት። አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ቀኑ ተዛብቶበት መጥቶ ገና ሳይወጣ ደረስኩና እዚያው ጅማ መርካቶ ሻይ ቤት ተቀምጬ ጠበቅሁ። የተሳፈረበት ባጃጅ ሲያልፍ ሂሳቤን ከፍዬ ተነሣሁ። በሥርዓታችን እንኮራ ነበር።

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ሐሙስ የሰፈራችን ሽማግሌ ለየብቻችን ደውለው «ነገ ከጁምዓ በኋላ እናታችሁ ቤት ድረሱ» አሉን። ምክንያቱን አልነገሩንም። መንገዱን ሁሉ ሞታለች ብዬ ሳለቅስ መጣሁ። ስገባ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሽማግሌው ሌላ ሽማግሌ ጨምረው ከጎኗ አሉ።

«ኤጋ እንግዲህ፣» አሉ የደወሉልን ሽማግሌ፣ «እናታችሁ ልጆቼ ተኳርፈዋል፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሸሻል ብላ ጠርታናለች። ምን አጣላችሁ?»

ተያየን። አልተጣላንም ብንል፣ ታዲያ ለምን አብራችሁ አትመጡም ልንባል ነው። ወንድሜ ፈጠን ብሎ «በዚህ ቤት ጉዳይ ነው» አለ። እኔ ደግሞ ስደውልለት ስልክ አያነሣም አልኩ። ይሄ እንኳ እውነት ነው፣ አጋጣሚውን ተጠቀምኩበት። እህቴ «ሩቅ ናት ብለው ምንም አያማክሩኝም» ብላ ጀመረችና መጨረስ አቅቷት ተንሰቀሰቀች። ይሄኛው ከልቧ ነበር። አፈርኩ።

ሽማግሌዎቹ ታላቅ ነው ብለው በወንድሜ ፈረዱበት። ተነሥቶ ግንባራችንን ስሞ «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አለን። ዱዓ ተደረገ፣ ሻይ ተጠጣ፣ ሽማግሌዎቹ መርቀውን ሄዱ።

በሩ ሲዘጋ እናታችን አንድ በአንድ አየችን።

«ከእንግዲህ በተራ አትምጡ» አለች። «ለተራ የሚበቃ ቀን የለኝም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስታችንም ባንድ አፍ «ክፉ አታውሪ» ብለን እናቋርጣት ነበር። ያን ቀን እሺ አልናት።