የጆሮው ካርዶች

መዝገበ ቃላት በሚዘጋጅበት መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውን ሴት ባልደረቦቿ «እትዬ መዝገብ» ይሏታል። ስሙ ለሹፈት የወጣ ነው፤ እሷ ግን ወዳው ተቀበለችው። አንድ ቃል ከሰጧት ትርጉሞቹን እንደ ዘመድ ቆጥራ ትናገራለች፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ከማን ተኳርፎ እንደሚኖር ሳይቀር።

ሥራው እንዲህ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ቃል ለቃሚዎች በየሰፈሩ ይዞራሉ። ሰው ሲነጋገር የሰሙትን ዓረፍተ ነገር፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ በዚያው ዕለት ትንሽ ካርድ ላይ ይጽፉታል። ማን ተናገረው፣ የት፣ መቼ የሚለው ካልተሞላ ካርዱ ቅርጫት ነው የሚገባው። የተሞላውን ከውጭ በሩ አጠገብ ባለው የእንጨት ሣጥን ይከቱታል። የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ደግሞ እያወጡ፣ የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ እያዩ፣ በየመሳቢያው ያስገቡታል። አዘጋጆቹ ከሀ ጀምረው በተራ ስለሚሄዱ ተራው ያልደረሰ መሳቢያ ካርድ ከማስገባት በቀር አይከፈትም። አሥር ዓመትም ቢሆን ተቆልፎ ይቆያል። መንግሥት የቸኮለበት ሥራ አይደለም።

ባሏም ቃል ለቃሚ ነበር። «ጆሮው» ይሉታል። ሰው ሲያወራው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማል፤ የሚሰማው ግን ነገሩን ሳይሆን ቃሉን ነው። አንድ ጊዜ እራት ላይ ተጣልተው «አንተ ሰው፣ ዕድሜዬን በላኸው እኮ!» ብላ ጮኸችበት። አቤት የሱ ደስታ! ማንኪያውን አስቀምጦ ካርድ ከኪሱ አወጣ። «እሳት ይበላል፣ ዝገት ይበላል፣ ጉቦኛም ይበላል። አንቺ ደግሞ ዕድሜ አመጣሽልኝ» አላት። ሳቀች፤ ምን ታድርግ? ጠቡም በዚያው ቀረ። እንዲህ ካለ ሰው ጋር መጣላት ራሱ አይቻልም ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኪሱን በባዶ ካርድ ሞልቶ ወጣ። አልተመለሰም። ሆስፒታል፣ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሬሳ ክፍል፣ ያላንኳኳችው በር የለም። ታላቅ ወንድሙ «በቃ፣ እርማችንን እናውጣ» ቢላት «ሬሳ ሳላይ አላለቅስም» ብላ አሻፈረኝ አለች። ከዚያ ወዲህ ትጠብቃለች። የሱን ጫማ ከአልጋው ሥር አላነሳችም፤ የበሩን ቁልፍ አልቀየረችም፤ አከራዩ ኪራይ በጨመሩ ቁጥር ከአፏ ቀንሳ ከፈለች እንጂ ቤቱን አልለቀቀችም።

ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበረችው ሴት ልጃቸው አሁን ነርስ ሆናለች። በቅርቡ ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘች።

«እማዬ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ሥራ እጀምራለሁ። ሁለት ክፍል ቤት ይሰጡኛል። ነይ አብረን እንሂድ» አለቻት።

«አባትሽ ቢመጣስ? በሩ ተዘግቶ ቢያገኘውስ?»

«አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው! እስከ መቼ ከሞተ ሰው ጋር ትኖሪያለሽ?»

«ሞተ አትበዪ።»

«እሺ፣ ምን ልበል? ቃሉን አንቺ ስጪኝ። ቃል ሥራሽ አይደል?»

እትዬ መዝገብ ከአልጋው ሥር ያለውን ጫማ አየች። ልጅቷ ብቻዋን ከሄደች እሷ በዚያ ቤት ከአንድ ጥንድ ጫማ ጋር ልትቀር ነው። እሷም አብራት ከሄደች ደግሞ አሥራ አንዱ ዓመት ለምን ተጠበቀ?

በዚያው ሳምንት የጠ ተራ ደረሰ። ዋና አዘጋጁ ካርዶቹን ሲያከፋፍሉ እሷ ጋ ሲደርሱ አመነቱ።

«ያንቺ ድርሻ ‹ጠፋ› ነው። ከከበደሽ ለሌላ ልስጠው።»

«ቃል ነው ጋሼ። ምን ይከብደኛል?» አለች። ውሸቷን ነው።

ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትከምር ጀመር። መብራት ጠፋ። ቁልፍ ጠፋ። የሰው ስም በሐሜት ጠፋ፤ ሰውየው እዚያው ቁጭ ብሎ ስሙ ብቻ ይጠፋል። አንዱ መላው ጠፍቶበታል፣ አንዷ የጎረቤቷ ስልክ ቁጥር ጠፍቷታል። ቃሉ ከቤት ቤት እየዞረ የሁሉንም ችግር የሚሸከም ሎሌ መሰላት። መጀመሪያ አንድ ነገር ብቻ ይል ነበር ይሆናል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ሌላ ስም ላጣለት ነገር እየጠራው፣ እምቢ ማለት የማያውቅ ሆኖ ቀረ። ከሁሉ የበዙት ካርዶች ግን «ምነው ጠፋህ?» እና «ጠፋሽ እኮ!» የሚሉት ነበሩ። እነሱ ላይ እጇ ዘገየ። ይህ የሚባለው ለተገኘ ሰው ብቻ ነው። ፊት ለፊት ቆሞ ለሚስቅ ሰው ነው የሚባለው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ይህን አንድ ነገር ለማለት ነበር።

የመጨረሻው ክምር ትንሽ ነው። ወታደር ከጦር ሰፈሩ ጠፋ፤ የቤት ሠራተኛ ከአሠሪዎቿ ጠፋች። በደንቡ አንድ ትርጉም መዝገብ ውስጥ የሚገባው ሦስት ካርድ ሲኖረው ነው፤ ሦስተኛውን ለመፈለግ የመሳቢያውን ታች ዳበሰች። አገኘችው።

«ሰውዬው ጠፋ አሉ። ሚስትየዋ ሆስፒታል ለሆስፒታል ስትንከራተት ነው የሰነበተችው።» ተናጋሪ፦ አንዲት ሻጭ። ቦታ፦ አውቶቡስ ማቆሚያ።

የእጅ ጽሑፉ የጆሮው ነው። ወረቀቱን ሊበሳ እስኪደርስ እርሳስ የሚጫን ሌላ ለቃሚ አልነበረም። ቀኑን አየች። ቅዳሜ ይላል፤ እሱ ማክሰኞ ከወጣ በአራተኛው ቀን።

ቀን ተሳስቶ ይሆናል አለች። ግን ሰው ከመጥፋቱ በፊት ስለ መጥፋቱ ሲወራ ሊሰማ አይችልም። በሕይወት ነበር። እሷ ሬሳ ስታገላብጥ፣ እሱ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቆሞ ስለ እሷ ሲወራ ይሰማ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሰምቶ ይሰወራል። ጆሮው ግን ጥሩ ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ማለፍ አይችልም፤ ጻፈው፣ ሞላው፣ አምጥቶ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። ተራው ሲደርስ ማን እንደሚያነበው አላሰበም። ወይም አስቦበታል፤ ይህኛው ይበልጥ አስፈራት።

ወደ መዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ሄደች። «አባባ፣ ይህን ማን አመጣው?»

«ልጄ፣ እኔ ፊደሉን እንጂ ሰውየውን መች አያለሁ?» አሉና ፊቷን ሲያዩ ያልተከፈቱትን መሳቢያዎች ቁልፍ ሰጧት።

ሦስት ቀን ምሳዋን ትታ የሱን ጽሑፍ ፈለገች። ስድስት ካርድ አገኘች፤ አንዱ ከስምንት ዓመት፣ አንዱ ከአምስት ዓመት በፊት የተጻፈ። ስለ ጨው፣ ስለ ጸጉር፣ ስለ ፍየል፤ የማንም ሰው ወሬ ነው። የመጨረሻው ፈ ውስጥ ነበር።

«እኔ የምፈራው ባይመጣ አይደለም። እኔ በሌለሁበት ቀን ቢመጣ ነው።» ተናጋሪ፦ አንዲት ሴት። ቦታ፦ ዳቦ ቤት፣ ሰልፍ ላይ። ቀኑ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም።

ራሷ ናት ያለችው። ዝናብ እያካፋ፣ ከፊቷ ላለችው ጎረቤቷ ነው የነገረቻት። ከኋላ ሰዎች ነበሩ፤ ዞራ አላየችም። እጇን ወደ ኋላ ብትዘረጋ ትነካው ነበር።

«አንዲት ሴት?» አለች ጮክ ብላ፣ ባዶው መዝገብ ቤት ውስጥ። አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ልጅ፤ አንዲት ሴት! ከመሄዱ ይልቅ ይህ አቃጠላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ አንደበቷ ተያዘ። ከኋላዋ ኮቴ በሰማች ቁጥር ወሬዋን ታቋርጣለች። በዚህ ሁሉ ዓመት በየሱቁ፣ በየታክሲው ምን ስትል ኖረች? ስንቱን ሰማ? ቤቷ ገብታ እንኳ በሹክሹክታ ማውራት ጀመረች።

«ጉሮሮሽን አሞሻል?» አለቻት ልጇ።

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ካርድ ሰጠቻት። ልጅቷ አነበበች፤ ቀኖቹን አስተያየች፤ ተቀመጠች።

«አልሞተም ማለት ነው።»

«አልሞተም።»

«እዚህ ድረስ ከመጣ ለምን አይገባም?» አለችና እንደ ሕፃን አለቀሰች። እናትየዋ አቀፈቻት። ለዚህ ጥያቄ ካርድ የለም።

በማግሥቱ ቢሮ ገብታ የቃሉን አምስተኛ ትርጉም ጻፈች፦ «በገዛ ፈቃድ ቤትን፣ ሥራን ወይም ሰውን ትቶ መሄድ»። ሦስቱን ካርዶች አያያዘችበት። ዋና አዘጋጁ የጆሮውን የእጅ ጽሑፍ ሲያውቁት መነጽራቸውን አወለቁና ፈረሙ። ከዚያ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ሰጠቻቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ቤት ተሰለፈች። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ከኋላዋ አሥር ሰው ይሆናል። ያቺው ጎረቤቷ ከፊቷ ነበረች።

«ዛሬ ትልቅ ዘንቢል ይዘሻል» አለቻት።

«ለመንገድ ነው» አለች እትዬ መዝገብ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ነገ ከልጄ ጋር ቤቱን ለቀን እንሄዳለን። ቁልፉን ለአከራዩ እናስረክባለን። የት እንደምንሄድ ለማንም አልነገርንም፤ አንነግርምም።»

«ውይ! አጠገብሽ ነኝ እኮ፣ ምነው ጮህሽብኝ?»

እትዬ መዝገብ ወደ ኋላ አልዞረችም። ፊቷን ወደ ዳቦ ቤቱ መስኮት እንዳደረገች፣ ለሚጽፍ ሰው እንደሚነገረው፣ ቀስ ብላ፣ በየቃሉ እያረፈች፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው።