አበጋሩ ከመካከል ሲቀመጥ

ሹመቱ አሁን የወንድሜ ነው። በዓል ወይም ጉባኤ ሲኖር ሸዋ ሮቢት ይጠራል፤ የአባቴን ጥምጣም ጠምጥሞ ከፊት ረድፍ ይቀመጣል፤ አስተናጋጇ «አበጋር» የሚል ባጅ ደረቱ ላይ ትሰካለታለች። ወንድሜ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ መስመር ካልደረሰ ወንበሩ ባዶውን ይውላል፤ በዚያ ምክንያት የሚስተጓጎል ጉዳይ ግን የለም።

አበጋር በእኛ በይፋት ቆላ የተጣላ የሚያስታርቅ ሰው ነው፤ ከአባት ለልጅ ይወርዳል። በአያቴ ዘመን ደም የሚደርቀውም፣ የግጦሽ ድንበር የሚጸናውም በአበጋሩ ቃል ነበር ይላሉ። አባቴ ላይ ሲደርስ ፍርዱን ፍርድ ቤት፣ ድንበሩን ቀበሌ፣ ጠቡን ፖሊስ ወስዶት ነበር። ለእሱ የቀረለት ምርቃቱ ነው። አጣዬ ከተቃጠለች ወዲህ ደግሞ ስለ ሰላም የሚጠራው ስብሰባ ስለበዛ፣ አባቴ በእርጅናው ከወጣትነቱ ይልቅ ተፈላጊ ሆነ። ተፈላጊነቱ ለመድረክ ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት አግብቼ ከፈታሁ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዛሬ በአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት እጠብቃለሁ። ነገር ሲዛነፍ አልወድም፤ ስለዚህ ሥርዓቱን እንደነበረ ላስቀምጠው። በዳይ እርጥብ ሣር ይዞ ወደ አበጋሩ ደጅ ይመጣል። አበጋሩ ወደ ተበዳይ መልእክተኛ ይልካል። ሁለቱ ሲገናኙ ከመካከላቸው ይቀመጣል፤ ነገሩ እስኪያልቅም ከቦታው አይነሳም። ምርቃቱ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። አበጋር ያልሰማውን ነገር አይመርቅም።

አንድ ዓመት የመስኖ ቦይ ላይ ሁለት ጎረምሶች ተጣሉ። ከታች በኩል የሚያርሰው የአንድ እስላም ገበሬ ልጅ፣ ከላይ በኩል የሚያርሰውን የክርስቲያኑን ልጅ በአካፋ እጀታ መትቶ ክንዱን ሰበረው። አባቶቻቸው ሰላም ቢሮ ተጠርተው ስምምነት ፈረሙ፤ ከዚያም በአዳራሽ የእርቅ ፕሮግራም ተዘጋጀ። አባቴን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሁለቱን አባቶች አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚያ ጥግ አስቀምጠዋቸዋል። ፕሮግራም መሪው ማይክራፎኑን ለአባቴ ሰጠው።

«ማንን ከማን ነው የማስታርቀው?» አለ አባቴ።

«ተስማምተው ፈርመዋል፣ አባባ። እርስዎ በምርቃት ይክፈቱልን ብቻ።»

«ሳልሰማ?»

«ፕሮግራሙ እንዲህ ነው የወጣው፣ አባባ። እንግዶቹም ወደ ካራቆሬ የሚያልፉ ናቸው።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። አክብሮ ነው የጠራው፤ ላቡ ኮሌታውን አርሶታል። አባቴ ማይክራፎኑን አስጠግቶ መረቀ። ለዝናቡ መረቀ፣ ለማሾው አዝመራ መረቀ፣ መንገድ ላይ ላለ ሁሉ መረቀ። ስለ ጠቡ አንድ ቃል አላነሳም። አዳራሹ «አሚን» አለ። ያስተዋሉት ሁለቱ አባቶች ብቻ ይመስሉኛል፤ ከየጥጋቸው ቀና ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተያዩ አየኋቸው።

በባጃጅ ስንመለስ አባቴ «ሙሽራ በሌለበት ሚዜ አደረጉኝ» አለ።

ሹፌሩ ሳቀ። «ሚዜ እኮ ይበላል አባባ፤ እርስዎ የያዙት የታሸገ ውሃ ነው።»

አባቴም ሳቀ። ቤት ልንደርስ ስንል ግን፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ እንጃ፣ «አንድ ጊዜ እንኳ የእውነቱን ከመካከል ተቀምጬ በሞትኩ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከደጃችን ቁርቁራ ዛፍ ሥር መቀመጥ አመጣ። ማንን እንደሚጠብቅ አልጠየቅኩትም። ማንጎ ተሸካሚው፣ ገበያተኛው፣ ሁሉም «እንዴት አደሩ አበጋር» ብሎ ያልፋል። የሚያልፈውን በዓይኑ እስከ መታጠፊያው ይሸኘዋል።

በማሾ ለቀማ ሰሞን የታችኛው ገበሬ መጣ። በእጁ ሣር ይዟል፤ ሣሩ በሙቀቱ ጠውልጓል።

«ደረቀብኝ፣ አበጋር» አለ እያፈረ።

«በውሃ ተጣልተህ ሣር ታደርቃለህ?» አለው አባቴ። ድምፁ ግን ሌላ ሆኗል።

«ፊርማው ልጆቹን አላነጋገራቸውም። ቦዩ ላይ ሲገናኙ ፊት ይዟዟራሉ። ሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ነገር ያነሳሉ ብዬ ፈራሁ።»

መልእክተኛ መሆን የሚገባው ወንድሜ ጅቡቲ ነበር። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ሂጂ።»

«ሴት ተልካ ታውቃለች?» አለ ሰውየው።

«ይኸው ተላከች።»

መልእክተኛ ቤት አይገባም፣ አይቀመጥም፣ መልስ ሳያገኝ እህል ውሃ አይቀምስም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የማውቀው ግን ከጓዳ ሆኜ በሰማሁት ነበር። ከላይኛው ገበሬ ደጅ ስደርስ ሚስቱ ብቅ አለች።

«ግቢ እንጂ። ምነው በፀሐይ?»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ። መልእክተኛ ነኝ።»

«መልእክተኛ ውሃ አይጠማውም?»

«ይጠማዋል» አልኩ፤ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። እሷ ሳቀች፤ ባሏ ግን ሳይስቅ ወጣ። ልጁ ከኋላው ቆሟል፤ ክንዱ ተጠግኗል፣ ግን አልተቃናም።

«የላከሽ ማነው? ቢሮው ነው?»

«አባቴ ነው፣ ጋሼ።»

«አዳራሹ ውስጥ የኔን ነገር ዘሎታል።»

«ስላልሰማዎት ነው።»

አየኝ። ከዚያ ተመልሶ ገባ። አባቴ ቁርቁራው ሥር ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ተቀምጦ ሲመሽበት ታየኝ፤ ምን ብዬ እንደምመለስ ጨነቀኝ። ሰውየው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ይዞ ወጣ።

«አጠጪያት» አላት ሚስቱን። «መልሱን ሰጥቻለሁ።»

የዚያን ውሃ ጣዕም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አባቴ ከሁለቱ መካከል ተቀመጠ። እኔ እንደ ልማዴ ወደ ጓዳ ላልፍ ስል «መልእክተኛ ነገሩ ሳያልቅ አይሄድም» አለኝ። ከኋላው ቁጭ አልኩ።

«ውሃው የማን ተራ ነበር?» ብሎ ጀመረ። ሁለቱም በአንዴ መናገር ያዙ። አላቆማቸውም። ጥላው ዞሮ ፀሐይ ጀርባው ላይ ሲያርፍ አልተነሳም፤ ዙሁርንም እዚያው በተቀመጠበት ሰገደ። ልጆቹን አስጠራ። መቺው የተሰበረውን ክንድ በሁለት እጁ ይዞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሌላው «ስትለቀው ነው የሚሻለኝ፣ ያመኛል» ሲለው አባቶቹ ሳይፈልጉ ሳቁ። ያኔ አባቴ መረቀ። አጭር ነበር። የሁለቱንም አባቶች ስም ጠራ።

በተከታዩ ክረምት አረፈ። ከዚያ ወዲህ በደጃችን ሣር የያዘ ሰው አላየሁም። ጉባኤ ሲኖር እኔም እሄዳለሁ፤ ከኋላ ሆኜ የወንድሜን ጥምጣም አያለሁ። ወንድሜ ያስከብረዋል፣ በአግባቡ ይመርቃል፣ ሰውም ይወደዋል። እኔን የሚናፍቀኝ ያን ቀን ከአባቴ ጀርባ የተቀመጥኩበት መሬት ነው።

አንድ ቀን መኪናውን ሲያጥብ «አንድ ሰው ሣር ይዞ ቢመጣብህ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ላንቺ እደውላለኋ» አለ፣ እየቀለደ።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስልክ ክልክል ነው፤ ማስታወቂያውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። የራሴን ግን አላጠፋም።