ፈጣን ሥራ

በጣሊያን ጊዜ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ በእኛ ደጅ በኩል መንገድ ሊያወጡ መጡ። እኔ ያኔ ቅጠል ተሸክሜ የምላላክ ልጅ ነበርኩ። የመንገዱ ካቦ፣ ፊቱ በርበሬ የመሰለ ጣሊያን፣ ከአማርኛ የያዘው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ፈጣን ሥራ» ይላል። ጠዋትም ፈጣን ሥራ፣ ማታም ፈጣን ሥራ። አስተርጓሚው ከሰሜን የመጣ ቁጡ ሰው ነበርና፣ «በፍጥነት ሥሩ» ነው የሚባለው እያለ ያርመዋል። ማን ሰምቶት። የእኛም አማርኛ ቢሆን የገበያ ነው፤ ሠራተኞቹ ወደዱትና ምሳ ሲቀርብ ፈጣን ብላ፣ አንዱ ሲያዛጋ ፈጣን ተኛ ይባባሉ ጀመር። እኔ ዛሬም የልጅ ልጆቼን ሳጣድፍ ያመልጠኛል።

መንገዱ ግን የእናቴን እንሰት አቋርጦ ነበር የተቀየሰው። እንሰት ደግሞ እንደ በቆሎ ዘንድሮ ተተክሎ ዘንድሮ አይበላም፤ ዓመታት ይጠበቃል። ካቦው ነገ ይመንገል አለ። ከተመነገለ ቤታችን የሚበላው የለም።

እናቴ ጎረቤት ሴቶች ዘንድ ላከች። ጎህ ሲቀድ የእንሰት መፋቂያቸውን ይዘው መጡ፤ ኮባ አነጠፉና ሥራ ጀመሩ። በአገራችን ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ ወደዚያ አይደርስም፣ ነውር ነው። ሠራተኞቹ ዶማቸውን እንደያዙ አጥሩ ጋ ደርሰው ዘፈናችንን ሲሰሙ፣ ፊታቸውን አዙረው ቁጭ አሉ። ካቦው ቢጮህ፣ አለንጋውን ቢያወናጭፍ፣ ንቅንቅ የሚል ጠፋ።

አስተርጓሚው ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ፣ «እሜቴ፣ መቼ ነው የምትጨርሱት?» አለ።

እናቴ መልስ ስታሰላስል አንዷ ጎረቤታችን ቀደመቻት፤ «ይንገሩልን ጌታው፤ ቀስ ብለን በፍጥነት እየፋቅን ነው።»

ይህን በጣሊያንኛ እንዴት አድርጎ እንደተረጎመው እንጃ። ካቦው ታክቶት ዛፍ ሥር ጋደም አለ፤ ከሠራተኞቹ አንዱም በሹክሹክታ ፈጣን ተኛ አለልን።

እኛ ግን ሥራ ላይ ነበርን። የደረሰው ተፍቆ በኮባ በተለበጠ ጉድጓድ ተቀበረ። ለጋውን እኛ ልጆቹ ከነሥሩ ነቅለን በጓሮ በኩል መንገዱ ወደማይደርስበት ወደ ላይኛው መደብ አሻገርነው። ሴቶቹም የመጨረሻው ችግኝ አፈር እስኪለብስ መፋቃቸውን አላቆሙም። ካቦው ሲነቃ የቀረለት ባዶ መሬት ነበር፤ መንገዱም በዚያ አለፈ።

የቀበርነው ቆጮ ክረምቱን አሻገረን። ከተዛወሩት ችግኞች ጥቂቶቹ ደረቁ። የቀሩትን እናቴ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ቆም ትልና፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳበስ፣ በመዳፏ ዳበስ ታደርጋቸው ነበር።