የሌላ ሰፈር ማኅተም

የስደተኞች ማኅበራችን ምርጫ ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ በፖስታ የተላኩ አሥራ አንድ ድምፆች ለንደን፣ ባተርሲ ሰፈር ያለው ቤታችን ደረሱ። ቆጠራው አልቋል። አባባ አስመራጭ ስለነበር ስልካችን እረፍት አጣ። «ሆን ብለህ ነው ያስቀረሃቸው» አሉት የሚደውሉት። አንድ ሰውማ ስሙን ሳይናገር «ለመሆኑ ለማን ነው የምትሠራው?» ብሎት ዘጋበት። ያኔ ለንደን ውስጥ እንዲህ መባል ምን እንደሆነ ልጅም ያውቅ ነበር። የደርግ ጆሮ ነህ ማለት ነው።

እማዬ «ፖስታ ቤቱን ውቀሱ በላቸው» አለችው።

እኔ ፖስታዎቹን ምንጣፍ ላይ ደረደርኳቸው። ላዩ ላይ ስም የለም፤ የአባል ቁጥር ብቻ። አባባ ሻንጣ ውስጥ ከሚደብቀው የአባላት ስምና አድራሻ መዝገብ ጋር ቼክ ሳደርግ ነገሩ ገባኝ። የሃክኒ ሰፈሩ ሰው ፖስታ ማኅተም የተመታበት ከተማው ሌላ ዳር፣ ዌምብሊ ነው፤ የዌምብሊው ባተርሲ። ሰፈራቸው እንዳይታወቅ ለወዳጅ፣ ወዳጅም ለወዳጅ እየሰጠ፣ ሩቅ ሰፈር ያለ ፖስታ ሣጥን ውስጥ እስኪገባ የምርጫው ቀን አለፈ። ያዘገየው ፍርሃታቸው ነው።

ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፤ ሁለት ገጽ፣ በአማርኛ፣ ያለ ስርዝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብዕር ታዝዞልኝ አያውቅም። አባባ አንብቦ «እንዲህ መጻፍ ከየት ተማርሽ?» አለኝና ሳቀ። ከሳቀ ስንት ቀኑ ነበር። ሁለታችንም ሌላውን ነገር አላየነውም።

እሁድ ስብሰባው ላይ ራሴ አነበብኩት። «አባል ቁጥር አሥራ አራት የሚኖሩት ሃክኒ ነው፤ ፖስታቸው ግን...» ስል አዳራሹ ጸጥ አለ። ደስ ስላላቸው መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

ከኋላ ነጠላቸውን እስከ አፋቸው የተከናነቡ እናት ተነሡ። «ልጄ፣ ሃክኒ መኖሬን ማን ነገረሽ?»

ወረቀቱን አጠፍኩት። ሴትዮዋ ወደ አባባ ዞሩ። «መዝገቡን ከኔ በቀር ሰው አያየውም ብለህ ምለህልኝ አልነበር?»

«ልጅ ናት፣ እትዬ...»

«ልጅማ ናት። አንተስ?»

ድምፆቹን ያስቀራቸው አባባ እንዳልሆነ ሁሉም አመነ፤ ይቅርታ የጠየቀውም አለ። ግን ሲወጡ አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛው እየመጡ ስማቸውን ከመዝገቡ አሰረዙ። አባባ በራሱ እጅ፣ በራሱ ማስመሪያ፣ ቀጥ አድርጎ ሰረዛቸው። የሃክኒዋ እናት በሳምንቱ የተከራዩትን ክፍል ለቀቁ አሉ። የት እንደገቡ የሚያውቅ ካለም፣ እኛ ፊት አይናገርም።