ቅዳሜ የተነሳ ሞተር

ልጅ ሳለሁ፣ አስር ዓመት ሞልቶኝ አስራ አንደኛውን ስጀምር፣ ማሽላው ውሃ የሚጠጣው ሰኞና ሐሙስ ነበር። በሌላ ቀን የውሃው ሞተር ከተነሳ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ጉንዳን ዝናብ መምጣቱን እንደሚያውቀው አወቅሁት እንጂ።

እርሻው በዓረብ አገር፣ ዳማድ አካባቢ፣ ከደረቁ የወንዝ አሸዋ አጠገብ ነው። የእኛ አልነበረም፤ የከፊላችን፣ የአሠሪያችን፣ የአቡ ሳሊም ነበር። አባቴ በኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚሠራ ጠባቂና ውሃ አጠጪ ነው፤ እናቴ የከፊሉን ቤት ታጥብ ነበር። ከማሽላው ማዶ የማንጎ ዛፎች፣ ከማንጎው ማዶ ደግሞ የየመን ድንበር ተራሮች ይታያሉ። በተራሮቹ በኩል መድፍ ሲያጓራ የቤታችን ቆርቆሮ ይንጫጫል። እናቴ ታዲያ ስለ ጎረቤት በሬ እንደምታወራ ሁሉ "ይኸው ደግሞ ጀመረው" ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። በዚያ በጦርነቱ ዘመን እዚያ ያደጋችሁ ያን የቆርቆሮ ድምፅ ታስታውሱት ይሆናል።

በእኛ በወሎዎች ዘንድ ሰው ሲሞት ዝም ብሎ አይሸኝም። አልቃሽ ተነስታ ሙሾ ታወጣለች፤ ሟቹ ምን ይወድ እንደነበር፣ በምን ይስቅ እንደነበር፣ አንድም ሳይቀር ይነገርለታል። በዚያ አገር ግን ለሙት ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ነውርም ኃጢአትም ነው። በዚያ ላይ ለቅሶ የሚደርሱት ሐበሾች አብዛኞቹ ወረቀት የሌላቸው ነበሩ፤ ጩኸት ከተሰማና ፖሊስ ከመጣ ለሟቹ ያለቀሰ ሁሉ ተይዞ መሄዱ ነው።

መጀመሪያ የሞተችብን እትዬ ሐዋ ናት። እትዬ ሐዋ ፉል የሚሉትን ነጭ፣ ሽታው የሚያውድ አበባ በክር እየሰካች ለሙሽሮች የራስ ጉንጉን ትሠራ ነበር። ጣቶቿ እንቅልፍ ወስዷትም ጭምር ያ የሚጣፍጥ ሽታ አይለያቸውም፤ እኔን ስታቅፈኝ ሙሽራ የሆንኩ ይመስለኛል። "አንቺን ስድር ግን ነጭ አበባ አልጠቀምም፣ ጥቁረትሽ ይበቃል" እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ትኩሳት ይዟት በሳምንቷ ሄደች። እናቴ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ በቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል፣ አባቴ አየት አደረጋት። ወደ ጉድጓዱ ሄዶ የውሃውን ሞተር አስነሳ። ያ ሞተር ሲነሳ እንኳን ሙሾ መድፍም አይሰማም። ከዚያ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመና፣

"ያላ፣ አሁን አልቅሺ" አላት።

እንዲያ ነው የተጀመረው። ሴቶቹ ከየቤቱ እየመጡ ከሞተሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ እናቴ ታወጣለች፣ እነሱ ይቀበላሉ። አባቴ ውሃው ማሽላውን እንዳያሰጥመው ወደ ደረቁ ቦይ ይመልሰዋል። ከወራት በኋላ ጋሽ አበራ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ሲሞትም እንደዚሁ ሆነ። ጋሽ አበራ ክርስቲያን ነው፤ ለእናቴ ለቅሶ ግን ይህ ልዩነት አልነበረውም። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ማንጎ በሚታሸግበት ካርቶን ላይ በከሰል ይጽፍልኝና "አንብቢ፤ ካላነበብሽ ማንጎው ይበሰብሳል" ይለኛል። ዛሬ ይህን የምጽፈው በእሱ ከሰል ነው ብል ውሸት የለበትም።

ሦስተኛው ጋሽ ይመር ነበር። ጋሽ ይመር ድንበሩ ላይ ባለችው አል-ኹባ ፍየል ጠባቂ ነበር፤ የድንበሩ መንደሮች ሰው ሲለቁ ፍየሎቹን እየነዳ ወደ እኛ ሰፈር ወረደ። ለእያንዳንዷ ፍየል የአገሩን ሴቶች ስም አውጥቶላት ነበር። ሰፈሩን ሲያቋርጥ "ዘምዘም፣ ተመለሺ! አንቺ ሙሉ፣ አፍሽን ከሰው ማሽላ አንሺ!" ሲል የማያውቀው ሰው ሚስቶቹን የሚነዳ ይመስለዋል።

"ባለቤትህ ብትሰማ ምን ትልህ ይሆን?" አለችው እናቴ አንድ ቀን።

"እሷማ አለች እኮ! ያቻት፣ ቀንዷ የተቆለመመው። ከመንጋው ሁሉ የምፈራ እሷን ብቻ ነው።"

እናቴ ያን ቀን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አገሩ የሚገባበት ጊዜ እየተቃረበ እንደሆነ፣ ሲገባም ፍየሎቹን በስማቸው ለባለስሞቹ እንደሚያስተዋውቅ ይናገር ነበር።

አንድ ሐሙስ ማታ ሦስት ፍየሎች ከመንጋው ተለይተው ወደ ለመዱት ወደ አል-ኹባ ውሃ ተመለሱ። ጋሽ ይመር አርብ ፍለጋ ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ፍየሎቹ ራሳቸው መጡ፤ እሱ አልመጣም። ቀትር ላይ ሌላ እረኛ መርዶውን ይዞ ደረሰ፤ መድፍ አግኝቶት እዚያው ቀብረውታል።

አባቴ ሞተሩን አስነሳ። ያን ዕለት የመጣው ሰው ብዛት! በረሃ አቋርጠው የመጡ፣ ወረቀት የሌላቸው ወጣቶች ሳይቀሩ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጠው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። አባቴ ራቅ ብሎ ቦዩን ሲጠርግ እኔን ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ለጥበቃ አቆመኝ። "መኪና ካየሽ ሮጠሽ ንገሪኝ" አለኝ። ከቆምኩበት የሚሰማኝ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው፤ የእናቴ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ።

ከዚያ በመንገዱ አቧራ አየሁ። የአቡ ሳሊም መኪና ነው። አባቴ ሩቅ ነው፤ ሮጬ አልደርስበትም። በልጅነት ጭንቅላቴ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ውሃው በከንቱ እየፈሰሰ ነው፣ ከፊሉ ይህን ካየ አባቴን ያባርረዋል። የውሃው ነገር ሲታየኝ የለቅሶው ነገር ጠፋኝ። ወደ ሞተሩ በረርኩና አባቴ ሲያደርግ እንዳየሁት ማጥፊያውን ሳብኩት።

ሞተሩ ቀጥ አለ። የእናቴም ድምፅ እርቃኑን ሜዳ ላይ ወጣ፦

"ፍየሎችህ ገቡ ሁሉም በስማቸው፣
አንተን በምን ስምህ..."

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወጣቶቹ ማሽላው ውስጥ ገብተው ጠፉ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው ደርቀው ቀሩ። አቡ ሳሊም የመኪናውን በር ከፍቶ አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ቆሟል። አባቴ ጭቃውን እንደተለወሰ እየሮጠ ደረሰ።

"ያ ዑመር፣ ማነው የሚጮኸው?" አለው አባቴን በስሙ ጠርቶ።

"ባለቤቴ ናት። ወንድሟ ሞቶባት።"

"ወንድሟ?"

"አዎ፣ ወንድሟ። የአል-ኹባው ፍየል ጠባቂ።"

አቡ ሳሊም ጋሽ ይመርን ያውቀው ነበር። "አላህ ይዘንለት" አለና ማሽላውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ አገዳው ገና ይወዛወዛል። "ለሙት አይጮህም ዑመር። ኸላስ። እዚያ ውስጥ ያሉትን ዛሬ አላየሁም። ሁለተኛ ካየሁ ግን አይቻለሁ።"

መኪናውን አዙሮ ሄደ። አባቴም እናቴም አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ እኛ ዘንድ መምጣት ፈሩ። ሞተሩም ከሰኞና ከሐሙስ በቀር አልተነሳም። ሰው መሞቱን ግን አላቆመም። ማክሰኞ የሞተ ሐሙስን፣ ቅዳሜ የሞተ ሰኞን ይጠብቃል። እናቴ በውሃው ቀን የሚታጠብ ልብስ በሳፋ ይዛ ወደ ሞተሩ ትሄዳለች፤ ብቻዋን ታወጣለች፣ ብቻዋን ትቀበላለች፣ ልብሱን አስጥታ ትመለሳለች። እኔ ጠጋ ብዬ ለመስማት እሞክር ነበር፤ አንድም ቃል አይሰማም። አንድ ቀን ጨክኜ የጋሽ ይመር ሙሾ መጨረሻው ምን እንደነበር ጠየቅኋት።

"እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ ሙሾ እኮ ሲወጣ ነው የሚታወቀው" አለችኝ።

አሁን አገራችን ከገባን ብዙ ዓመት ሆነን፤ ቦርከና ዳር ነው የምንኖረው። እዚህ ለቅሶ የሚደበቅ ነገር አይደለም። ድንኳን ይጣላል፣ መንደሩ ይሰበሰባል፣ ደረቱን የሚመታ ይመታል፤ "ቀስ በሉ" የሚል የለም። የሰፈሩ ልጆች ሞተር ሲሰሙ የሽንኩርት ማሳ ብቻ ነው የሚታያቸው። እኔ ግን ቅዳሜ ቀን ሞተር ከሰማሁ የያዝኩትን አስቀምጬ ማን እንደሞተ ለመስማት እጠብቃለሁ። እትዬ ሐዋን፣ ጋሽ አበራን፣ ጋሽ ይመርን የሚያስታውስ ሰው እዚህ የለም፤ መቃብራቸውም ከእኛ ማዶ፣ ከባሕር ማዶ ነው።

አምና እናቴ ሞተች። የቀበሌው ሴት ሁሉ መጥቶ አለቀሰላት፤ የታወቁ አልቃሾች እየተቀባበሉ ሙሾ አወጡላት፤ ደግ መሆኗን፣ እንግዳ መውደዷን ሁሉ ተናገሩ። አባቴ ድንኳኑ ውስጥ አንዲት እንባ ሳያፈስ ሁለት ቀን ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ጋቢውን ደርቦ ተነሳና ወደ ወንዙ ወረደ። የአጎቴ ልጅ የውሃ ሞተር እዚያ ነበር። የቱቦውን ጫፍ መልሶ ወደ ቦርከና ጣለው፣ ሞተሩን አስነሳው፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጋቢውን ራሱ ላይ ጎተተ። ናፍጣው እስኪያልቅ ድረስ አላጠፋውም።